ጭብጨባና ብሎኬት

ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ የለቡ ታክሲዎች ከሚቆሙበት ጥግ፣ ጠባብ በረንዳ ያላት አንዲት ሱቅ አለች። በ1989 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ድንገተኛ ዝናብ አባርሮ እዚያች በረንዳ ሥር ከተተኝ። ያን ዕለት ዝናቡን አማርሬው ነበር፤ ዛሬ ግን አመሰግነዋለሁ። እሱ ባይመጣ ኖሮ ሦስት ሰዎች በየፊናችን ወደየቤታችን እንገባ ነበር፤ ከዚህ በታች የማወጋችሁም ነገር ተዳፍኖ ይቀር ነበር።

እኔ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት የሕንፃ ንድፍ የማስተምር ሰው ነኝ። በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። ባለቤቴ ተናኘ «አንተኮ ጣሪያው ሳያፈስ ባልዲ የምትደቅን ሰው ነህ» እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቷን ነው። አዲስ ቤት ተሠርቶ ለምርቃት ስንጠራ ሰው ድግሱን ሲያይ እኔ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ እፈልጋለሁ።

በረንዳው ሥር ቀድመውኝ የደረሱት ጋሽ ምትኩ ነበሩ። በሰፈራችን እሳቸውን የማያውቅ የለም። ለቡ አካባቢ፣ መንገድ ዳር፣ ብሎኬት የሚያመርቱበት ሰፊ ግቢ አላቸው። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ቤት ሠሪ ሆኖ ነበርና ብሎኬት አምራቹም በየመንገዱ ዳር ፈልቶ ነበር። ከመካኒሳ እስከ ለቡ ያሉት አምራቾች በማኅበር እንዲሰባሰቡ የለፉት፣ ማኅበሩም «የልክ ኮሚቴ» የሚባል አካል እንዲኖረው ያደረጉት ጋሽ ምትኩ ናቸው። ኮሚቴው በየግቢው ይዞራል፤ ብሎኬቱን ለክቶ፣ ጥንካሬውን ፈትኖ፣ ያለፈውን ክምር አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። ገዢው አረንጓዴውን ካየ ሌላ ነገር አይጠይቅም። «አረንጓዴ ነው?» «አረንጓዴ ነው።» ይጫናል፣ ይሄዳል።

«መምህር፣ እርስዎንም ያዘዎት?» አሉኝ ጋሽ ምትኩ ቦታ እየለቀቁልኝ። «እኔማ ለነገው ስብሰባ ሰው ልጠራ ወጥቼ ነው። ነገ ጠቅላላ ጉባኤ አለብን፤ የልክ ኮሚቴውን ሊቀመንበር እንመርጣለን።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ አንዲት ወጣት፣ በዝናብ የራሰች፣ ከባድ ፌስታል ያንጠለጠለች፣ እየሮጠች መጥታ ከአጠገባችን ቆመች። ናዝሬት ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን የግንባታ ዕቃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሁለታችንንም ጎንበስ ብላ ሰላም አለችን።

«ምን ተሸክመሽ ነው ልጄ፣ ትከሻሽ እንዲህ የዘመመው?» አሏት ጋሽ ምትኩ።

«ብሎኬት ነው፣ ጋሼ።»

«ብሎኬት በፌስታል?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። «ይኼ ላቦራቶሪ የምትሉት ነገር ሰውን ምን ያደርገዋል እናንተ።»

«ከፈረሰው አጥር ላይ ያነሣሁት ስባሪ ነው። ረቡዕ ዕለት የአጸደ ሕፃናቱ አጥር ወድቆ የለ?»

የጋሽ ምትኩ ሳቅ ተቋረጠ። የልጅ ልጃቸው ቲና የምትማረው እዚያ ነው። አጥሩ የወደቀው በማለዳ፣ ልጆቹ ሳይገቡ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ቀን ቢሆን ግን፣ ልጆቹ ተሰልፈው መዝሙር የሚዘምሩት ልክ ከዚያ አጥር ሥር ነበር። ይባስ ብሎ ትምህርት ቤቱ በክረምቱ ሁለት አዳዲስ ክፍሎች ሊያስገነባ ብሎኬቱን አስጭኖ፣ ግቢው ውስጥ አስደርድሮ ነበር። ቲና በመስከረም የምትገባው ከእነዚያ ክፍሎች ባንዱ ነው።

«እሱን ያፈረሰው ጎርፉ ነው» አሉ ጋሽ ምትኩ። «ግንበኛው መሠረቱን በደንብ አላወረደውም።»

«መሠረቱ ደህና ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። የተሰበረው ራሱ ብሎኬቱ ነው፣ ጋሼ። አረንጓዴ ቀለምም አለበት።»

«አረንጓዴ ካለበት ብሎኬቱ ደህና ነው።»

«ተሰብሮም?»

ናዝሬት ይህን ያለችው በትሕትና ነው፤ ቢሆንም ጋሽ ምትኩን ከነከናቸው። ፌስታሉን ለማሳረፍ መሬት ላይ ስታስቀምጠው አፉ ተከፈተ፤ ዓይኔም ወደ ውስጥ ገባ። እያንዳንዱ አምራች ብሎኬቱ ላይ የግቢውን ምልክት ያትማል። ስባሪው ላይ የታተመው ፊደል «ም» ነበር። ናዝሬት ማየቴን አየችና ስባሪውን ቶሎ ወደ ታች ገለበጠችው። «ም» የጋሽ ምትኩ ግቢ ምልክት ነው። ልጅቷ ጉዳቸውን ይዛ ፊት ለፊታቸው ቆማለች፤ እሳቸው አላወቁም፤ እኔም አፌን ያዘኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ» አለች ናዝሬት። «ሊቀመንበሩን የምትመርጡት እንዴት ነው?»

«እንዴት ይመረጣል? እንደ ሰው ነዋ። እኔ እነሣና 'ጋሽ ዲንሳ ይቀጥሉ' እላለሁ። ቤቱ ያጨበጭባል። አለቀ።»

«ሌላ ሰው አይጠቆምም?»

«ጋሽ ዲንሳ እያሉ? ነውር አይደለም እንዴ? አንቺ ልጅ ነሽ፤ አታውቂያቸውም። ይህ አገር ገና የጤፍ ማሳ ሳለ እሳቸው ግንበኛ ነበሩ። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የሰው ስም አያነሡም። ሹመት ፈላጊ ቢሆኑ እኔም እጠራጠር ነበር። ባለፈው ምርጫ ምን ብለው እንደለመኑን ልንገርሽ? 'እባካችሁ ተዉኝ፣ ዓይኔ አያይም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ' አሉ። እኔ ተነሥቼ 'የልብ ዓይን ይበቃናል' አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ከየት ታመጪያለሽ?»

«ጋሼ፣ ያን ሲሉ የምራቸውን ቢሆንስ?» አለች ናዝሬት።

«የምራቸውን? ሰው ሲመረጥ 'እሺ፣ ደስ ይለኛል' ብሎ ይቀመጣል እንዴ? አልችልም ማለት አለበት፤ እኛ ደግሞ አንሰማህም ማለት አለብን። ወጉ ነው።»

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ጋሽ ምትኩ የተናገሩት ወግ የሁላችንም ወግ ነው። እንግዳ ገበታ ላይ «በቃኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «በሞቴ» ብለን እናጎርሰዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜም አልጠገበም ነበርና ደስ እያለው ይጎርሳል። ይሉኝታ የምንለው ነገር እንዲህ እያደረገ ብዙ ፍቅር ያኖራል። ችግሩ የገበታውን ወግ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ይዘነው መግባታችን ነው። እዚያ «በቃኝ» የሚለው ሰው አንዳንዴ የምሩን ነው።

ናዝሬት ቀጠለች። «እድራችን ዳኛውን በጭብጨባ ቢመርጥ እኔ ቅር አይለኝም። የእድር ዳኛ ያጽናናል፣ ያስታርቃል፤ ለዚያ የተከበረና የተወደደ ሰው ያስፈልጋል። የልክ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሥራው ሌላ ነው። የገዛ ወዳጁን ግቢ ገብቶ 'ይኼ ክምር አያልፍም' ማለት አለበት። ለእድር የሚሆን ሰው ሁሉ ለልክ ይሆናል ማለት ይከብደኛል።»

«ታዲያ በድምፅ ይሁን ነው የምትዪው? ሞክረነዋል እኮ። ማኅበሩ ሲመሠረት ሁለት ሰው አወዳድረን እጅ አስወጣን። የተሸነፈው ያሸነፈውን ተቀየመ፤ ያልመረጠውን ሁሉ ተቀየመ። ሁለቱ ግቢዎች ለቅሶ መደራረስ እንኳ ትተው ነበር። ያስታረቋቸው ማን መሰሉሽ? ጋሽ ዲንሳ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ጭብጨባ ይሻለናል አልን።»

ይህ የዋዛ መከራከሪያ አልነበረም። ናዝሬትም አላቃለለችውም።

«እጅ ማውጣቱ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሰው ጎረቤቱ እያየው እጁን ሲያወጣ የሚያስበው ስለ ብሎኬት አይደለም፤ ነገ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚያድር ነው። ጭብጨባውም ግን ያው ነው፣ ጋሼ። ሁሉ ሲያጨበጭብ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ማን አለ?»

«ይህንን ሁሉ የምትዪው የተማረ ይሾም ለማለት ነው አይደል? በይ አውጪው።»

«አይደለም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከሁላችንም በላይ የሚያውቅ ሰው አለ። ስብሰባ ሲመራ ግን ከእሱ በቀር ማንም አይናገርም። እሱን ብትሾሙት ኮሚቴው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ሥራውን የሚያውቅ መሆኑ ግድ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን 'አይ፣ ይኼ ልክ አይደለም' የሚለውን ሰው ሳያቋርጥ የሚሰማ መሆን አለበት። ደግሞም የሚፈልገውና ጊዜ ያለው ሰው መሆን አለበት። ይህን የምናውቀው ደግሞ በአደባባይ ጠይቀን አይደለም። በአደባባይ ሁሉም 'አልችልም' ይላል፣ የሚችለውም የማይችለውም። ጥቂት ሰዎች አስቀድመው እያንዳንዱን ለብቻው ቤቱ ሄደው ቢጠይቁት ግን እውነቱን ይናገራል። እነዚያ ጠያቂዎች ያጣሩትን ሰው ለጉባኤው ያቀርባሉ።»

ጋሽ ምትኩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውኃውን አራገፉ። ፈገግታቸው ነገር እንዳገኙ ያስታውቃል።

«እነዚያን ጠያቂዎችስ ማን ይመርጣቸዋል? ትልቅ ግቢ ያለው ሰው የራሱን ወዳጆች ይሰገስግባቸዋል። ያኔ ጭብጨባው ጓዳ ገባ እንጂ ምን ተለወጠ?»

«እሱን አላሰብኩበትም» አለች ናዝሬት።

ዝናቡ አባራ። ጋሽ ምትኩ እንደረቱ ሰው ጃኬታቸውን እያስተካከሉ ሊሄዱ ተነሡ። እኔ ግን ያ ፊደልና የቲና ክፍል በጭንቅላቴ ውስጥ እየተዟዟሩ ነበር። ነገ ጭብጨባው ከተጨበጨበ በሚቀጥለው ሳምንት ግንበኛ ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ ያስደረደረው አረንጓዴ ብሎኬት ግድግዳ ይሆናል፤ ጣሪያ ይሸከማል፤ ከሥሩ ልጆች ይቀመጣሉ።

«ጋሽ ምትኩ» አልኩ፣ ድምፄ ከወትሮው ቀጥኖ፣ «ለምን ጋሽ ዲንሳን ራሳቸውን አንጠይቃቸውም? ቤታቸው መንገድዎት ላይ ነው።»

«ይጠየቁ» አሉ። «ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ፤ አልችልም ነው የሚሉት። ያኔ ይህች ልጅ ትሑት ሰው ምን እንደሚመስል ታያለች።»

ታክሲው ውስጥ ናዝሬት ፌስታሉን እግሯ ሥር አደረገችው። ወያላው በእግሩ ነካ አድርጎት «እህት፣ ይኼ ብሎኬት ሒሳብ ይከፍላል?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ጋሽ ምትኩም ሳቁ። እኔና ናዝሬት አልሳቅንም። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት። «እንዴት ብዬ፣ መምህር? አባቴ ይሆናሉ» አለችኝ። እኔም በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነበር ዝም ያልኩት።

ጋሽ ዲንሳ ለቡ መብራት ኃይል በሚባለው ሰፈር፣ በአጥር የተከበበች አነስተኛ ቤት ነው ያላቸው። ደጃፋቸው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እኛ ስንገባ ቀና አሉ፤ ፊታቸውን ግን ወደ እኛ ያዞሩት ጋሽ ምትኩ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ነው።

«ምትኩ ነህ? ና ግባ። ከማን ጋር ነህ?»

ሦስታችንም ከፊታቸው ቆመናል። ጋሽ ምትኩ «ከመምህርና ከአንዲት ልጅ ጋር ነኝ» ብለው እንደዋዛ አለፉት። የጋሽ ዲንሳ ባለቤት ወይዘሮ ጫልቱ ወንበር አወጡልን። ከዚያ ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ ሲሚንቶ መጥፋት ተወራ፤ ስለ ወይዘሮ ጫልቱ ጉልበት ተወራ። ስለመጣንበት ጉዳይ የሚያነሣ ጠፋ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲያናድደኝ ኖሯል፤ ግን እኔም ስለ ጉልበቱ መድኃኒት ምክር እየሰጠሁ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ምትኩ «ነገ እንግዲህ እንደተለመደው ነው፣ ጋሽ ዲንሳ» አሉ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ጋሽ ዲንሳ» አለች ናዝሬት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሚሉኝን እንዳለ እቀበላለሁ፤ አልከራከርዎትም፣ አልለምንዎትም። ነገ መመረጥ ይፈልጋሉ?»

ጋሽ ዲንሳ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም እስከ ዛሬ» አሉ በዝግታ። «አልፈልግም፣ ልጄ። ዓይኔ አያይም።»

«ይኸው» አሉ ጋሽ ምትኩ በፈገግታ ወደ እኛ ዞረው፣ «አልነገርኳችሁም? የልብ ዓይን...»

«ምትኩ፣ የት ጋ ነው የተቀመጥከው? ከቀኝ ነህ ከግራ? ፊትህ ለእኔ ጥላ ነው።» የጋሽ ዲንሳ ድምፅ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ግን ነበረበት። «ባለፈው ምርጫ ተነሥቼ ነገርኳችሁ። ዓይኔ አያይም አልኳችሁ። አጨበጨባችሁ።»

ጋሽ ምትኩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሽማግሌውን አተኩረው ያዩዋቸው ጀመር። ለስንት ጊዜ አብረዋቸው ተቀምጠው፣ ዛሬ ገና ዓይናቸውን ማየታቸው ነበር። ብሌኑ ላይ ደመና መስሎ የወረደውን ነገር እኔም ያን ጊዜ አየሁት።

«ታዲያ ለምን ለብቻዬ ደግመው አልነገሩኝም?» አሉ ጋሽ ምትኩ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ቤት ሙሉ ሰው ካከበረህ በኋላ እንዴት አድርገህ ታሳፍረዋለህ? ያዘኝ ይሉኝታ። በየግቢው ስሄድ እጄን ይዘው ያዞሩኛል። ከውጭ በስንዝሬ እለካለሁ፤ በጣቴ አንኳኩቼ ድምፁን እሰማለሁ። የቀረውን 'ደህና ነው፣ ጋሼ' ይሉኛል። አምኜ አስቀባለሁ።»

«ሌሎቹ የኮሚቴው አባላትስ?» አልኩ።

«እኔ ደህና ነው ካልኩ በኋላ አይደለም የሚለኝ ማን ነው? እነሱም ያከብሩኛላ።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጅቷ የያዘችው ብሎኬት አይደለም እንዴ? ስታስቀምጪው ድምፁን ሰምቼዋለሁ። እስቲ ስጪኝ።»

ናዝሬት እኔን አየችኝ። ምንም ልረዳት አልቻልኩም። ስባሪውን አውጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጋሽ ዲንሳ በሁለት እጃቸው ዳበሱት፤ የውጭ ጎኑን በስንዝር ለኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጣቶቻቸውን ወደ ባዶው ክፍል አስገቡ፤ እዚያም ቆዩ።

«ከውጭ ልኩ ልክ ነው» አሉ። «ውስጡን ግን በጣም አስፍተውታል። ጎኑ እንደ ቂጣ ሳስቷል። እጄን እዚህ ከትቼ አላውቅም፤ ድሮ በዓይኔ ነበር የማየው።»

ይህን እያሉ ጣታቸው ወደ ጎን ሄደና ከታተመው ፊደል ላይ አረፈ። ፊደሉን አንድ ጊዜ በጣታቸው ዞሩት፣ ደግመው ዞሩት። ፊታቸው ተለወጠ።

«የማን ግቢ ነው፣ ጋሽ ዲንሳ?» አሉ ጋሽ ምትኩ።

«አላወቅሁትም» አሉ ጋሽ ዲንሳ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። እኚህ ቅን ሰው በስተርጅና ሲዋሹ አየኋቸው፤ የዋሹትም ወዳጃቸውን ላለማሳፈር ነው። ናዝሬትም በረንዳው ሥር ስባሪውን የገለበጠችው፣ እኔም አፌን የዘጋሁት በዚያው ምክንያት ነው። አጥሩን የጣለው ይኸው ነገር ነበር። ማንም ክፉ ሰው አልነበረበትም።

ጋሽ ምትኩ ተነሥተው ስባሪውን ወሰዱ፤ ወደ ብርሃኑ ዞረው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የእኔ ነው» አሉ። «ብሎኬቱን ቅርጽ የምናወጣበትን ብረት አምና በበያጅ አሳድሼው ነበር። ውስጡን አላየሁትም። አረንጓዴ እስከተቀባ ድረስ ምን አያለሁ ብዬ...» ወደ ናዝሬት ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መምህር፣ እርስዎስ?»

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

«ሦስታችሁም አክብራችሁኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ቲናን ከአጥሩ ሥር አሰልፋችሁ አክብራችሁኛል።»

ከዚያ ወደ አጥሩ በር ሄደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ተቀይመው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ነገ ጉባኤውን የሚበትኑም መስሎኝ ነበር፤ ምን ያልመሰለኝ ነገር አለ። ሲመለሱ ግን ያነሡት ስለ ቅያሜ አልነበረም።

«ዕጣ» አሉ።

«ምን አሉ፣ ጋሼ?» አለች ናዝሬት።

«ጠያቂዎቹን ማን ይምረጣቸው ብዬ አፋጥጬሽ አልነበረም? ዕጣ ይምረጣቸው። የእቁብ ዕጣ ሲወጣ ትልቅ ግቢ ያለውና ትንሽ ግቢ ያለው እኩል ነው፤ ዕጣን የሚለማመጥ የለም፣ በዕጣም የሚቀየም የለም። ዓመቱን ሙሉ ልኬታ ላይ ሲገኙ የከረሙት አባላት ስማቸው ይጣል፤ የወጣላቸው ሰዎች ይጠይቁ። ራሳቸው ግን አይመረጡም፤ አለዚያ አንዱ ለራሱ ይሰፋል።»

የናዝሬት ፊት በራ። «እሱ ነበር የጎደለኝ» አለች። «ሊቀመንበሩም ጊዜው ይወሰን፣ ጋሼ። ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል፤ መውረዱ ስድብ አይሆንበትም። የኮሚቴው አባላት ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይለወጡ፤ ግማሹ ይቆይና አዲሱን ያሠልጥን።»

«የአባሉ የራሱ ግቢ ሲለካስ?» አልኩ እኔ፣ ጭንቀቴ ለአንዴም ቢሆን ሥራ አግኝቶ።

«ይወጣል፤ ደጅ ይቆማል» አሉ ጋሽ ምትኩ። «ከእኔ ይጀመራል። ግንበኛና ቤት አሠሪም ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። እኛ ብሎኬቱን ሸጠን እንሄዳለን፤ ሥሩ የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ጋሽ ዲንሳን በተመለከተ ግን... ዓይናቸው ነው ከምንል፣ ጊዜያቸው ደርሶ ነው ብንልስ? ክብራቸው እንዲጠበቅ።»

«ምትኩ» አሉ ጋሽ ዲንሳ። «አሁን ገና ከዚህ ወጥመድ ስወጣ መልሰህ አታስገባኝ። ዓይኑ አያይም በል። አለማየት ነውር አይደለም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል የሚያውቁኝ አይደነቁም። ሰው ቅዳሜ በደጃፍ የተናገረውን እሑድ በአዳራሽ ሲደግመው ብዙ ጊዜ አላየሁም። በማግስቱ በቀበሌው አዳራሽ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። አጀንዳው ደረሰ፤ ጋሽ ምትኩ ተነሡ። ቤቱ ልማዱን ያውቃልና እጆች ከወዲሁ ተዘጋጁ፤ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ መዳፎቹን ገጥሞ ይጠብቅ ነበር።

«እጃችሁን አውርዱ» አሉ ጋሽ ምትኩ። ስባሪውን ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይህ ከአጸደ ሕፃናቱ አጥር የወደቀ ነው። ምልክቱን እዩት፤ የእኔ ግቢ ነው። አረንጓዴውንም እዩት፤ የእኛ ኮሚቴ ነው። ዛሬ ማጨብጨብ የለም፤ ላስረዳችሁ።»

አዳራሹ ታመሰ። አንዳንዱ «ሽማግሌ ተደፈረ» አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ «ዕጣማ የቁማር ነገር ነው» አለ። ጋሽ ምትኩ ትናንት በረንዳው ሥር ናዝሬት የነገረቻቸውን ሁሉ፣ የራሳቸው አሳብ እስኪመስል ድረስ፣ አንድ በአንድ መለሱላቸው። ናዝሬት አባል ስላልሆነች በሩ አጠገብ ቆማ ታዳምጥ ነበር፤ አንዴ ዞር ብላ ስታየኝ ፈገግ አለች። ከብዙ ክርክር በኋላ ዕጣው እንዲወጣ ተስማሙ።

ጥቅሙን ለማየት ብዙ አልቆየንም። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች በመጀመሪያ የጠየቁት አምሐ የሚባለውን፣ ትምህርቱም ልምዱም ያለውን ሰው ነበር። «አልችልም፤ ሥራዬ ከአዲስ አበባ ያስወጣኛል» አላቸው። የምሩን መሆኑን ጠየቁት፣ አመኑት፣ አመስግነውት ሄዱ። በመጨረሻ ለጉባኤው ያቀረቧት ወይዘሮ ገዲሴን ነው። አነስተኛ ግቢ ያላት፣ ስብሰባ ላይ ጥቂት የምትናገርና ብዙ የምትሰማ ሴት ናት። ለብቻዋ ስትጠየቅ «እፈልጋለሁ፤ እችላለሁም» ብላ መለሰች፤ ይህን በአደባባይ ብትል ዓይን አውጣ ትባል ነበር። ኮሚቴዋ መጀመሪያ የጣለው የጋሽ ምትኩን ክምር ነው፤ እሳቸውም ደጅ ቆመው ውሳኔውን ጠበቁ። ከዚያም ጋሽ ምትኩ የአጸደ ሕፃናቱን ብሎኬት አንስተው በደህናው ተኩ፣ አጥሩንም በራሳቸው ግንበኛ አሠሩት። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ውስጥ ሰው «አልችልም» ሲል የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «የምርህን ነው ወይስ ይሉኝታ?» ከጠየቁም በኋላ መልሱን ቆመው ይሰማሉ። ግቢዎቹ አልተኳረፉም፤ በጊዜው የሚወርድ ሰው ተዋረደ አይባልም፤ ገዢውም አረንጓዴውን ሲያይ ከቀለሙ ኋላ ያየ ዓይን እንዳለ ያውቃል። ቲና መስከረም ላይ አዲሱ ክፍል ገባች። እኔ እንኳ ግድግዳውን ስንጥቅ ፍለጋ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ያን እሑድ ግን ሁሉም ነገር በዚህ ቀላልነት የሚያልቅ አይመስልም ነበር። ክርክሩ ገና ሲግል፣ ከፊት ወንበር ጋሽ ዲንሳ በወይዘሮ ጫልቱ ክንድ ተደግፈው ተነሡ። ቤቱ ጸጥ አለ። የጭብጨባው ልማድ በሰው እጅ ላይ ገና ትኩስ ነበርና እኔ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰውዬ መዳፎች አየሁ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ አዳራሹ፣ ወደማያዩት ሕዝብ፣ ቀና አደረጉ።

«ዓይኔ አያይም» አሉ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም።